ከቅበላ እስከ ፋሲካ የቆየ ጠርሙስ

የፋሲካ ዕለት ማታ ነበር። እንግዶቹ ሄደዋል፣ የዶሮው ድስት ታጥቦ ተደፍቷል፣ ልጆቹ የሌሊቱን የቤተ ክርስቲያን ቆይታ በእንቅልፍ እያካካሱ ነው። ማቀዝቀዣውን ከፍቼ በበሩ መደርደሪያ ላይ ከወተቱ ጎን የቆመውን ጠርሙስ አወጣሁ። የከፈትኩት በቅበላው እሑድ ነው። ከዚያ ወዲህ 55 ቀን ሙሉ እጄ አላረፈበትም፤ በዐቢይ ጾም አልኮል አልቀምስም። ወይኑ ከግማሽ በላይ ቀርቷል። ቡሹን ነቅዬ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። የተቆላ ለውዝ፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ ከሥር ደግሞ ስኳር ሲያር የሚሰጠው ሽታ። በቅበላ ማታ ከነበረው ትንሽ ደብዘዝ ብሏል እንጂ ሕይወቱ አልወጣም። አንድ መለኪያ ቀዳሁ፤ ቀስ ብዬ ጠጣሁት።

ለቤት የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ፖርት የሚባለው የፖርቱጋል ጣፋጭ ወይን የትኛው እንደሆነ ወዳጆቼ በጠየቁኝ ቁጥር ያቺን ማታ አስታውሳለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ጣዕምና ስለ ዋጋ ነው። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጠርሙሱን ከከፈታችሁ በኋላ በስንት ቀን ትጨርሱታላችሁ?

ከፖርት ወይን ጋር የተዋወቅሁት በለንደን፣ በምሠራበት ሆስፒታል ውስጥ ነው። በልብስ እጥበት ክፍሉ የሚሠሩ በዕድሜ የገፉ ፖርቱጋላዊት ነበሩ። እኔ «እትዬ» እያልኩ እጠራቸው ነበር፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው በኋላ ከእኔ አፍ ሌላ መጠሪያ መስማት አልፈለጉም። የተወለዱት የፖርት ወይን ከሚበቅልበት ከዶውሮ ወንዝ ሸለቆ ብዙ ሳይርቅ ነው። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ጠርሙስ ሰጡኝና «ማታ ማታ፣ ትንሽ ትንሽ» አሉኝ።

እኔ ግን ያደረግሁት እናቶቻችን የሚያደርጉትን ነው። ቡፌ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከውጭ የመጣ መጠጥ ሁሉ በእኛ ቤት መቀመጫው ቡፌ ነው፤ ከሸክላ ሳህኖቹና ከብርጭቆዎቹ ጋር ቆሞ እንግዳ ይጠብቃል። ገና ሲመጣ ተከፈተ፣ ለሦስት ሰው ተቀዳ፣ ተመልሶ ተከደነ። ለጥምቀት ትንሽ፣ ለአንዲት ጓደኛዬ ልደት ትንሽ። ወሩ ሲደራረብ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ጣፋጭ ቡናማ ውኃ ነበር። ውስኪ እንዲህ ያለውን ኑሮ ይችለዋል፤ ዓመት ቢቆም ብዙም አይለወጥም። ፖርት ወይን ግን ወይን ነው፣ አየር ይጎዳዋል። የእትዬን ስጦታ ሳላውቀው ገድየዋለሁ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ የምጽፈውም አንድ ምክንያት እርሱ ነው።

ፖርት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከጠጅ ቤት የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ማር በውኃ ተበጥብጦ ገና ሳይፈላ ብርዝ ነው፣ ልጆች የሚጠጡት። ጌሾ ገብቶበት ሲፈላና ሲቆይ ጣፋጭነቱ እየቀነሰ፣ ኃይሉ እየጨመረ ጠጅ ይሆናል። የፖርት ወይን ሠሪዎች ይህን ጉዞ መንገድ ላይ ያቆሙታል። የወይኑ ጭማቂ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያህል ይፈላል፤ ስኳሩ ገና በግማሽ እንዳለ 77 በመቶ አልኮል ያለው ከወይን የተጣራ አረቄ ይጨመርበታል። መጠኑ በግምት ለአራት እጅ ጭማቂ አንድ እጅ ነው። እርሾው በዚያ ኃይል ይሞታል፣ መፍላቱ ይቆማል፣ ያልተበላው ስኳር እዚያው ይቀራል። ብርዝ ከመሆን አልፏል፣ ጠጅ እስኪሆን ግን አልተጠበቀም። ለዚህ ነው ፖርት በአንድ ጊዜ ጣፋጭም ብርቱም የሆነው፤ አልኮሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ19 እስከ 22 በመቶ ይደርሳል። በአክሱሚት ወይንና በጠጅ ያደገ ምላስ እንግድነት አይሰማውም። እህቴ መጀመሪያ ስትቀምሰው «ይኼማ የኛው ነው» ነበር ያለችው።

ከዓመታት በኋላ ሦስት ቀን አግኝቼ ወደ ፖርቶ ከተማ ሄድኩ። ወይኑ ስሙን ያገኘው ከዚህች ከተማ ይሁን እንጂ በርሜሎቹ የሚተኙት ከወንዙ ማዶ፣ ቪላ ኖቫ ዴ ጋያ በምትባለው ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የተሠራውን የዶም ሉዊስ የብረት ድልድይ በላይኛው ፎቅ በእግሬ ተሻገርኩ። ከታች ድሮ በርሜል ሲያመላልሱ የነበሩት ራቤሎ የሚባሉት ጠፍጣፋ ጀልባዎች ዛሬ ለእይታ ታስረው ይወዛወዛሉ። ወይኑ ራሱ የሚበቅለው ከዚያ ወደ ምሥራቅ ርቆ፣ በገደላማው የዶውሮ ሸለቆ በእርከን በተሠሩ ማሳዎች ላይ ነው። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1756 የፖርቱጋል ዋና ሚኒስትር በነበረው በፖምባል ማርኪዝ ዘመን ወሰኑ ተከልሎ በግራናይት ድንጋይ ምልክት ተደርጎበታል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እርከኑን በፎቶግራፍ ሳይ ኮንሶን አስታወሰኝ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድሮ ከገደል ጋር የሚኖር ገበሬ የትም ቢሆን ፊቱ አንድ ነው።

በጋያ መጋዘን ውስጥ ግን ያየሁት ነገር በኋላ ለኪሴ የጠቀመኝ ነው። ያስጎበኘችን ወጣት በመጀመሪያ ከሰው ቁመት በእጥፍ የሚበልጡ ግዙፍ የእንጨት ጋኖች አጠገብ አቆመችን። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገብታ ተደራርበው የተኙ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 550 ሊትር የሚይዙ ጠባብ በርሜሎች አሳየችን። በትልቁ ጋን ውስጥ ያለው ወይን ከእንጨትና ከአየር ጋር እምብዛም አይገናኝም፤ ቀይነቱንና የፍሬ ጣዕሙን ጠብቆ ቶሎ ይታሸጋል። ይህ ሩቢ ነው። በትንሹ በርሜል ያለው በእንጨቱ ቀዳዳ አየር እየተነፈሰ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ቀዩ እየለቀቀ ወደ ሻይ ቀለም ይሄዳል፣ ፍሬው ወደ ለውዝና ወደ ደረቀ በለስ ይለወጣል። ይህ ታውኒ ነው። በሁለቱ መካከል ብዙ ዓይነት ስም ቢደረደርም፣ ልዩነቱ በመሠረቱ አንዱ ከአየር ተጠብቆ ማደጉ፣ ሌላው ከአየር ጋር ተላምዶ ማርጀቱ ነው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ የጠርሙሱ ዕድሜ እንቆቅልሽ ተፈታልኝ። አየር ያልለመደው ወይን ቡሹ ሲነቀል ይደነግጣል። አየር ውስጥ አሥር ዓመት የኖረው ግን በማቀዝቀዣ በር ላይ የሚያሳልፋቸው ሳምንታት ብርቅ አይሆኑበትም።

እርግጠኛ ለመሆን ጾሙን ተጠቀምኩበት። በአንደኛው ዓመት የቅበላ ዕለት የከፈትኩት ሪዘርቭ የሚባለውን የተሻለ ሩቢ ነበር። ጾሙን ያሳለፈው ከምድጃው በላይ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። በፋሲካ ስቀምሰው ፍሬው ጠፍቶ ጣፋጭነት ብቻ ቀርቷል። በሁለተኛው ዓመት የአሥር ዓመት ታውኒ ከፍቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ መግቢያዬ ላይ የነገርኳችሁ እርሱ ነው። ነገር ግን ፍርዱ ትክክል አልመሰለኝም፤ አንዱ ሙቀት ላይ፣ ሌላው ብርድ ላይ ነበሩና። ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት ሁለቱንም በአንድ ቀን ከፍቼ፣ ሁለቱንም ከግማሽ በላይ አስቀርቼ፣ ጎን ለጎን ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆምኳቸው። ሩቢው ከቁም ሣጥኑ የተሻለ ነበር፣ ሆኖም ደክሟል። ታውኒው ቆሟል። እንደኔ ላለች የሆስፒታል ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ሦስት ዓመት የፈጀ ሙከራ ረጅም ነው አልልም።

55 ቀን መደበኛ ምክር እንዳይመስላችሁ። በተራው ጊዜ በራሴ ቤት ያየሁት እንዲህ ነው፤ ሪዘርቭ ሩቢ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት በደስታ ይጠጣል፣ ሦስተኛው ላይ ይሳሳል። ሌት ቦትልድ ቪንቴጅ የሚባለው፣ ከአንድ ዓመት ምርት ብቻ ተሠርቶ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት በእንጨት ቆይቶ የሚታሸገው፣ አንድ ሳምንት ያህል ድንቅ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይወርዳል። የፖርት ሁሉ ንጉሥ የሚባለው፣ ጠርሙስ ውስጥ የሚያረጀው ቪንቴጅ ደግሞ በሁለት ሦስት ቀን ማለቅ ያለበት ነው፤ ለብቻው ማታ ማታ ለሚጠጣ ሰው ጨርሶ አይሆንም። የአሥር ዓመት ታውኒ ለአንድ ወር ምንም አይለው፣ ከዚያም በላይ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ እንደኔ በደመወዝ ለሚኖር ሰው ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው። ባለቤቴ አልኮል አይጠጣም፤ ስለዚህ አንድ ጠርሙስ የሚጠጣው አንድ ሰው ነው። የምቀዳው በአረቄ መለኪያ ነው፤ የእኔ መለኪያ 50 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አልኮሉ 20 በመቶ ለሆነ ፖርት ይህ የእንግሊዝ ጤና ባለሙያዎች አንድ ዩኒት የሚሉት መጠን ነው፣ በሳምንት ከ14 እንዳይበልጥ የሚመክሩት። 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 15 መለኪያ ይወጣዋል። እኔ በምገዛበት ሱቅ ተራ ሩቢ 12 ፓውንድ፣ ሌት ቦትልድ ቪንቴጅ 15፣ የአሥር ዓመት ታውኒ 21 ፓውንድ ገደማ ነው። መደርደሪያው ላይ ስታዩት ታውኒው ውድ ነው። አሁን በመለኪያ እንቁጠር። ሌት ቦትልድ ቪንቴጁን በየማታው አንድ መለኪያ ብጠጣ በሳምንቱ መጨረሻ ሰባት ጠጥቻለሁ፣ የቀረው ስምንት መለኪያ ደስታ የማይሰጥ ነው። ስለዚህ አንዱ ደስ ያለኝ መለኪያ ከ2 ፓውንድ በላይ አወጣ። ታውኒው እስከ አሥራ አምስተኛው ድረስ ጣዕሙን ስለሚጠብቅ አንዱ 1 ፓውንድ ከ40 ሣንቲም ነው። ውዱ ጠርሙስ ርካሽ ሆኖ ተገኘ።

ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ጠጪ ካለ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። ሁለት ሰው በየማታው አንድ አንድ ቢል ሌት ቦትልድ ቪንቴጁ በሳምንት ያልቃል፣ በዚያ ዋጋም ከእርሱ የሚበልጥ ጥልቀት የሚሰጥ ቀይ ፖርት አላውቅም። እህቴ ከሊድስ መጥታ ሳምንት ስትሰነብት የምከፍተው እርሱን ነው። ስለዚህ «የቱ ይሻላል» ለሚለው ጥያቄ መልስ የምሰጠው ማን ቤት እንደሚከፈት ስሰማ ነው። በየማታው ለማይጠጣ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሚቀምስ ሰው ደግሞ ታውኒ እንኳ በሙሉ ጠርሙስ ይበዛበታል፤ ግማሽ ጠርሙስ ይፈልግ።

ስለ ሱቁ ጥቂት ልበል። ፖርት መሆኑን የሚመሰክረው በጠርሙሱ አንገት ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ያለው የፖርቱጋል መንግሥት ተቋም ማኅተም ነው፤ በሌላ አገር ተሠርቶ ፖርት የሚል ስም የተሰጠው ጣፋጭ ወይን ይህ የለውም። ቀጥሎ ክዳኑን እዩ። ከላይ የፕላስቲክ ቆብ ያለው፣ በእጅ የሚነቀል አጭር ቡሽ ከሆነ ወይኑ በአብዛኛው ተጣርቶ ለመጠጣት የተዘጋጀ ነው፤ ለየዕለት የሚስማማው ይህ ነው። እንደ ተራ ወይን በመክፈቻ የሚሳብ ረጅም ቡሽ ካለው ግን አተላ ሊኖረው ስለሚችል ቀስ ብሎ ማቅረር ያስፈልጋል። ታውኒ ላይ «10» የሚለው ቁጥር ወይኑ ሁሉ አሥር ዓመት ሞላው ማለት አይደለም፤ ወጣቱና አሮጌው ተደባልቆ የአሥር ዓመት ባሕርይ እንዲይዝ የተደረገ ነው። ከጀርባው ደግሞ የታሸገበት ዓመት ይጻፋል። እርሱን ፈልጉ፤ ታውኒ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ አይሻሻልም፣ ስለዚህ ቅርብ ዓመት ያለበት ይመረጣል። ሻጮች በአቧራ የተሸፈነውን እንደ ክብር ያሳዩናል፣ ለታውኒ ግን አቧራ ክብር አይደለም።

ቁጥር የሌለው፣ «ታውኒ» ብቻ የሚል ርካሽ ጠርሙስ ላይ ያለኝን ተቃውሞ ሳልናገር አላልፍም። ብዙዎቹ በበርሜል አርጅተው ቀለማቸውን ያጡ አይደሉም፤ ከመነሻው ቀለማቸው የሳሳ፣ ዕድሜያቸው ከሩቢ የማይበልጥ ወይኖች ናቸው። በዚያ ዋጋ ከሆነ ሐቀኛውን ሩቢ ግዙ፤ ቢያንስ የወይን ፍሬ ይሸታል። ከተራው ሩቢ ሁለት ወይም ሦስት ፓውንድ ጨምሮ ሪዘርቭ መግዛት ደግሞ ከሁሉም የሚክስ ጭማሪ ነው። ፎንሴካ ቢን 27፣ ግራሃምስ ሲክስ ግሬፕስ፣ ዋሬስ ዋሪየር፣ ኮክበርንስ ስፔሻል ሪዘርቭ፣ እነዚህ አራቱ በእንግሊዝ መደርደሪያዎች ላይ የሚገኙ ናቸው፣ በአንዳቸውም አፍሬ አላውቅም። የሱፐርማርኬቶች የራሳቸው ስም ያለባቸውንም አትናቁ፤ ብዙዎቹን የሚሠሩላቸው እነዚያው የታወቁት ቤቶች ናቸው። ከፈረንጆች ገና በፊት ባሉት ሳምንታት ዋጋ ይወርዳል፤ እኔ የዓመቱን ታውኒ የምገዛው ያን ጊዜ ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የአልኮል ቀረጥ በመጠጡ ጥንካሬ እንዲሰላ ከተደረገ ወዲህ በአንድ የፖርት ጠርሙስ ላይ ያለው ቀረጥ ከ1 ፓውንድ በላይ ስለጨመረ ወቅት መጠበቅ ግድ ሆኗል።

ስለ ምግብ እንግሊዞች ስቲልተን ከሚባለው ሰማያዊ ሻጋታ ካለው አይብ ጋር ያቀርቡታል። ከሩቢ ጋር እውነትም ያምራል፤ የአይቡ ጨውና የወይኑ ስኳር ይጋባሉ። ከወጥ ጋር ግን አይሆንም። በርበሬው የአልኮሉን ትኩሳት ያነሣሣውና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ የወይኑን ጣዕምም ማንም አያገኘውም። ምግቡ ተነሥቶ፣ ቡናው ሦስተኛ ከደረሰ በኋላ ነው ጊዜው። ያን ጊዜ ታውኒን ከቆሎ ጋር ሞክሩት። ገብሱ፣ ሱፉ፣ ለውዙ፣ ሁሉም የተቆላ ነገር ነው፤ ወይኑም በበርሜል ውስጥ ወደ ቁሌት ሽታ የሄደ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ ማታ ቆሎው ጠረጴዛ ላይ ስለነበረ ያገኘሁት ነው። ከዚያ ወዲህ ለእኔ የታውኒ ማባያ ቆሎ ነው። ብርጭቆውን በተመለከተ ጠበብ ያለ አፍ ያለው ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይበቃል፤ በመለኪያው ለክቼ ወደ እርሱ እገለብጣለሁ። ታውኒው ከማቀዝቀዣ ወጥቶ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ ሩቢው ትንሽ ይበልጥ።

ባለፈው በጋ እትዬን ሄጄ ጠየቅኋቸው። አሁን ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፣ እግራቸው እንደ ልብ አይታዘዝም። የወሰድኩላቸው የአሥር ዓመት ታውኒ ነበር። የዚያን የመጀመሪያውን ጠርሙስ መጨረሻም ነገርኳቸው፤ ለዓመታት ስደብቀው የነበረ ነገር ነው። ዝም ብለው ሰሙኝና ጠርሙሱን ገልብጠው የታሸገበትን ዓመት በመነጽራቸው ፈለጉ። ካገኙት በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ልጃቸውንም ሁለት ብርጭቆ እንዲያመጣ ላኩት። ከምሽቱ አምስት ሰዓት እስኪሆን ተጫወትን። ስነሣ ቡሹን መልሰው ጫኑ፣ ተንጠራርተው ጠርሙሱን በማቀዝቀዣው በር ላይ አቆሙት፣ «በሚቀጥለው ሳምንትም ነይ፤ ይጠብቅሻል» አሉኝ።

ሄድኩ፤ ጠብቆኛል።